ራመን የሚባለውን የጃፓን የኑድል ሾርባ የሚሸጡ ቤቶች «አሳማ አለበት» ብለው እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸው?

አስጎብኚዋ፦ አዎ፣ ያስገድዳቸው። ጃፓን የሚሄደው ሐበሻ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአብዛኛው አሳማ አይበላም። በር ላይ ካለው የቲኬት ማሽን ብር ከትቶ፣ ቁልፍ ተጭኖ፣ ወረቀቷን ለአስተናጋጁ ይሰጣል፤ አለቀ። ቁልፉ ላይ ያለው የምግቡ ስምና ዋጋው ነው። አሁን ያለው የጃፓን ሕግ የታሸገ ምግብ ላይ ስንዴ፣ እንቁላልና ወተት እንዲጻፍ ያስገድዳል። አሳማን ግን «ቢጻፍ ይመረጣል» ይላል፤ ምግብ ቤትንማ ጭራሽ አይነካም።

አብሳዩ፦ እህቴ፣ እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ቤት ላይ ሊለጠፍ ነው። የፉኩኦካ ከተማው ቶንኮትሱ የሚባለው ራመን እንኳ አይደብቅም፤ የአሳማ አጥንቱ ለሰዓታት ሲንተከተክ ሾርባው ወተት መስሎ ይነጣል። የሚያታልለው ጠራ ያለው ሾዩ፣ ማለትም በአኩሪ አተር ሶስ የሚጣፍጠው ራመን ነው። የዶሮ መረቅ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የአሳማ አጥንት አብሮ ተቀቅሎበታል። «ሥጋውን አንሱልኝ» ማለትም አያድንም። ጎድጓዳው ሳህን ግርጌ መጀመሪያ የሚገባው ታሬ የሚባለው ጨዋማ ማጣፈጫ ነው፤ በብዙ ቤት ያው የአሳማው ሥጋ የበሰለበት የአኩሪ አተር ሶስ ነው። ለመዓዛ የሚጨመረውም ስብ ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው።

የኦሳካው፦ ታዲያ ኡዶን የሚባለው ወፍራም የስንዴ ኑድል ቤት ግቡ። የካኬ ኡዶን፣ ማለትም በመረቅ ብቻ የሚቀርበው ኡዶን፣ መረቁ ከኮምቡ፣ ማለትም ከባሕር አረም፣ እና ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ሥጋ ያለበት ኒኩ ኡዶን ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ «ኒኩ» ኦሳካ ውስጥ የበሬ ሥጋ ነው፣ ቶኪዮ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አሳማ ይሆናል። በጾም ዓሣ የማይበላ ካኬም አይሆነው፤ ዛሩ ሶባ የሚባለው ቀዝቃዛ ኑድል ማጥቀሻም ከዚያው ዓሣ ነው። መረቁና ማጥቀሻው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ አልኮል ስላለው ሙስሊሙ ይጠይቅ።

አብሳዩ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ስምንት ወንበር ያላት ቤት ናት። አንድ ሰው ይቀቅላል፣ ይቀዳል፣ ያጥባል። ጭልፋው አንድ፣ ድስቱ አንድ። በሕግ ተጠያቂ ላድርግህ ካልከው የውጭ እንግዳ መቀበሉን ይተዋል።

አስጎብኚዋ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱን አትቀላቅልብኝ። «ከአሳማ ነፃ ነው» ብሎ መጻፍ ዋስትና መስጠት ነው፣ ድስትና ጭልፋ መለየት ይጠይቃል። እኔ የምለው «አለበት» ይበል ነው። አብሳዩ ምን እንደከተተ ያውቃል፤ ከቁልፉ አጠገብ የአሳማ ሥዕል መለጠፍ ምንም አያስወጣውም።

የኦሳካው፦ በዚህ እስማማለሁ። እስከዚያው ብሩን ከመክተታችሁ በፊት «ሱፑ ኒ ቡታ ዋ ሃይቴማስካ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሾርባው ውስጥ አሳማ አለ ወይ ማለት ነው። ስለ ሥጋው ብቻ ከጠየቃችሁ መልሱም ስለ ሥጋው ብቻ ነው የሚሆነው።