ልጆችን ይዘን በክረምት ከጅማ ተነሥተን ብሔራዊ ፓርኮችን እንዴት እንጎብኝ?

ጥያቄ፣ ከዴንቨር

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ የ12 ዓመት ሴት ልጃችንንና የ8 ዓመት ወንድ ልጃችንን ይዘን በመጪው ሐምሌ መጀመሪያ ወደ ጅማ ለመምጣት ወስነናል። እናቴ የሚኖሩት ጅማ ነው፤ ልጆቹ አያታቸውን የሚያውቋቸው በስልክ ብቻ ስለሆነ የጉዞው ዋና ምክንያት እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት ልጆቹን በመኪና ወደ የሎውስቶንና ወደ ግራንድ ቲተን ከወሰድናቸው ወዲህ «በእናንተ አገርስ እንዲህ ያለ ፓርክ አለ ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል፤ እኛም አለ ብለን ቃል ገብተንላቸዋል።

ካርታ ዘርግተን ከጅማ ወደ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከዚያ ወደ ማጎ፣ ወደ ነጭ ሣር፣ ወደ ባሌ ተራሮች፣ በመጨረሻም በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ የሚያስገባ ዙር አቅደናል። ከእናቴ ጋር ከምንሰነብትበት ተርፎ ለመንገዱ የሚቀረን 10 ቀን ያህል ነው። መንገዱን በቅርብ የምታውቁ፣ በተለይም በክረምት የተጓዛችሁ፣ ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።

መልስ፣ ከጅማ

የተከበሩ እህታችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ዕቅድዎን በጥሞና አነበብሁት። እኔም ብዙ ዓመት በውጭ አገር ኖሬ ወደ ጅማ የተመለስሁ ሰው ነኝ፤ በየክረምቱም ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ ቤተሰቦችን መንገድ ስለማማክር የማውቀውን በግልጽ ልንገርዎት። የዘረዘሯቸው አምስት ፓርኮች በ10 ቀን አይዳረሱም። እንደ ምንም ቢዳረሱ እንኳ ልጆቹ ከፓርኩ ይልቅ የመኪናውን ወንበር አውቀው ይመለሳሉ። አሜሪካ ውስጥ ርቀትን በማይል ቆጥሮ የመድረሻ ሰዓትን መገመት ይቻላል፤ እዚህ ግን ቁልቁለቱ፣ ዳገቱ፣ ገበያ የዋለበት ከተማና ከብት የሚነዳበት መንገድ ሁሉ ጊዜ ስለሚወስድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብለው ቢያስቡ ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ዝናቡ ነው። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም ብዙ ቤተሰቦች «በክረምት ፓርክ አይታይም» ብለው ሐሳቡን ይተዉታል፤ ሌሎች ደግሞ ምንም ሳያስቡ ይነሣሉ። ሁለቱም ልክ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ክረምቱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። በጅማና በከፋ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ወደ ስምጥ ሸለቆው ደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ግን ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛውም በመጸው ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ከጅማ ጋር ሲነጻጸሩ ቀለል ያሉ ናቸው። ባሌ ላይ ደግሞ በእነዚህ ወራት የሳነቴ አምባ አብዛኛውን ቀን በጉምና በብርድ ተሸፍኖ ይውላል። ስለዚህ ለእናንተ የሚስማማው ጉዞ በደኑ አገር ጀምሮ ዝናቡን ወደ ኋላ እየተወ ወደ ሸለቆው የሚወርድ ነው።

በዚህ ስሌት ባሌን ከዕቅዱ ያውጡት እላለሁ። ይህን የምለው ባሌ የማያምር ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ቀይ ቀበሮንና ደጋ አጋዘንን ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡም የሚገባው ነው። ነገር ግን የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ ለዚህ ሁሉ መንገድ ተለፍቶ ልጆቹ ጉም ብቻ አይተው ቢመለሱ ያሳዝናል። ባሌን በታኅሣሥ ወይም በጥር ለምትመጡበት ጊዜ ያቆዩት። የኦሞ ፓርክም ከጅማ በኩል የሚደረሰው በሚዛንና በማጂ አቅጣጫ ስለሆነ፣ መንገዱ በዝናብ ከባድ ከመሆኑም በላይ ችግር ቢገጥም እርዳታ በቅርብ አይገኝም፤ ከልጆች ጋር አይሞከር። ማጎና አዋሽም ለሌላ ጊዜ ይሁኑ።

አሁን ወደ ጉዞው ልግባ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በአውሮፕላን ቢመጡ ደስ ይለኛል። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጊቤ ሸለቆ ቁልቁለት የሚታይ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ከረጅም በረራ የወረዱ ልጆችም በዚያው ሳምንት አይችሉትም። መመለሻችሁ በመኪና በሌላ መንገድ ስለሚሆን የሚቀርባችሁ የለም። ጅማ እንደደረሳችሁ መንገድ ለመጀመር አትቸኩሉ፤ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ይላመዱ፤ ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይዩ፤ ወደ ቦዬ ረግረግ ወርደው ወፎቹን ይመልከቱ። ይህ ከከተማው ሳይርቁ የሚሆን ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ቦንጋ ይሁን፤ እናትዎንም ይዘው ይሂዱ። ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በሸቤ አድርጎ የጎጀብን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ወደ ከፋ ደን ይገባል። ይህ ደን ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው። ልዩነቱ ለልጆቹ ሊነገራቸው የሚገባ ይመስለኛል፤ የሎውስቶን ውስጥ ሰው መሬቱን አያርስም፤ ከብትም አያሰማራም፤ እዚህ ግን ሰዎች በደኑ ዳር እየኖሩ የጫካ ቡና ይለቅማሉ፤ ከዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ይቆርጣሉ፤ ደኑም የቆየው በእነርሱ ጭምር ነው። ቡና በራሱ በቅሎ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም፤ ቡና የሚጠጣ ወላጅም ይህን ለልጁ በጣቱ አመልክቶ ማሳየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ከመንገድ ዳር ሆኖ ማየት ይቻላል። ደኑ በክረምት ይበልጥ ያምራል፤ ባርታ ፏፏቴም ውኃው የሚሞላው ያን ጊዜ ነው፤ ሆኖም ዱካው ስለሚያዳልጥ ጥሩ መርገጫ ያለው ጫማና የአካባቢው አስጎብኚ ያስፈልጋል። በዕድሜ የገፉ እናት እስከ ፏፏቴው መውረድ ባይችሉ ቦንጋ ላይ አርፈው ይጠብቋችኋል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ስናስጎበኝ ወላጆቻችንን እቤት እንተዋለን፤ እነርሱም አብዛኛዎቹ ይህን አገር በስም እንጂ በዓይን አያውቁትም።

እናትዎን ወደ ጅማ ከመለሳችሁ በኋላ ዋናው ጉዞ በዴዶ በኩል ወደ ጪዳ ይነሣል። መድረሻችሁ የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በኮንታና በዳውሮ መካከል የሚገኝ፣ በ1997 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ፓርክ ነው። ዝሆን፣ ጎሽ፣ ጉማሬና አንበሳ አለው፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠሩ ትንንሽ ሐይቆችም አሉት። ለልጆቹ ግን ከአሁኑ እውነቱን ይንገሯቸው፦ በክረምት ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ዝሆን እንኳ ቢሆን በቅርብ ሆኖ ላይታይ ይችላል። የሎውስቶን ላይ ጎሽ አስፋልቱን ሲያቋርጥ መኪናውን አቁሞ ማየት ነበር፤ እዚህ ደግሞ ማለዳ ተነሥቶ፣ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ሆኖ፣ ከከፍታ ላይ በመነጽር መፈለግ ነው። ስለዚህ ጥሩ የሩቅ ማያ መነጽር ከዚያው ይዛችሁ ኑ፤ ቢቻል ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ። ዱካ ማየት፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ማየት፣ ፋንድያው ትኩስ መሆኑን መለየት ለልጅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ስካውቶቹም ይህን ለማስተማር ደስተኞች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዝሆን ዳና ሎጅ በዚያው ስላለ ማደሪያ እንደ ቀድሞው አያስቸግርም፤ ቢሆንም ቀድሞ ማስያዝ ይገባል። በቆላው ክፍል የገንዲ ዝንብ ስላለ ሰማያዊና ጥቁር ልብስ አታልብሷቸው፤ ዝንቡን የሚስቡት እነዚህ ቀለሞች ናቸው።

ከዚያ በተርጫ አድርጋችሁ የኦሞን ወንዝ ተሻግራችሁ ወደ ወላይታ ሶዶ ትወጣላችሁ። እኔ ከመላው ጉዞ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ የዳውሮ ተራሮች በክረምት አረንጓዴ ለብሰው፣ ከታች የጊቤ ሦስት የኃይል ማመንጫ ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቶ ይታያል፤ ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ነው። የጥንቱ የዳውሮ ንጉሥ የሐላላ የድንጋይ ካብ ያለውም በዚሁ አገር ነው፤ ሐላላ ኬላ ያለው ማረፊያ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ከቻላችሁ አንድ ሌሊት እዚያ እደሩ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ አየሩ ይሞቃል፤ ዝናቡም ይቀንሳል። ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ነው። ሜዳ አህያዎቹ ወዳሉበት ሜዳ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ስለሆነ ባለ ፎር ዊል መኪና ግድ ነው፤ ልጆቹ ከደከሙ ደግሞ ይህን ትታችሁ በማለዳ በጀልባ ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ማሳየት ይበቃል። የልጆች መንሳፈፊያ ጃኬት ሁልጊዜ በልካቸው ስለማይገኝ ይዛችሁ ኑ። ሙቀቱ ሲጠናባችሁ ዶርዜ ብትወጡ ብርድ ልብስ ያስፈልጋችኋል፤ ቅርብ ነው።

መመለሻው በሻሸመኔ ነው። ከአርሲ ነገሌ አልፋችሁ አቢያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ግማሽ ቀን ብትቆሙ፣ ልጆቹ በሻላ ዳር ያለውን ፍል ውኃ ሲያዩ የሎውስቶንን ማስታወሳቸው አይቀርም። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ጎረቤቱ አቢያታ ደግሞ ውኃው ለሶዳ አሽና ለመስኖ ስለተወሰደ እጅግ ሸሽቷል፤ ይህም ለልጆቹ ሳይሸፋፈን ይነገር። ከዚያ አዲስ አበባ ግማሽ ቀን ነው።

በቀን ከአንድ መንገድ በላይ አታድርጉ። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሆን ማደሪያችሁ ግቡ፤ ዝናቡ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በጨለማ መጓዝም በፍጹም አይገባም። የጸጥታው ሁኔታም ሊለዋወጥ ስለሚችል በየማለዳው ከመነሣታችሁ በፊት ከዚያ መንገድ የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ አንድ ቀን መቆየት ምንም አይጎዳም።

ጥያቄ፣ ከዴንቨር

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እናቴን ይዘን ቦንጋ መሄድ በሐሳባችንም አልነበረም። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ባለቤቴ ራሱ ሊነዳ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የወባው ነገር ያሳስበኛል።

መልስ፣ ከጅማ

ባለቤትዎ ጎበዝ ነጂ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ በኤምባሲ ተረጋግጦ ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መቀየር ስላለበት ለአንድ ጉዞ ብቻ ድካሙ አያዋጣም። መኪናውን ከሹፌር ጋር ተከራዩ። ውሉ ላይ ነዳጁን፣ የሹፌሩን አበልና ማደሪያ ማን እንደሚችል፣ መኪናው ሁለት ስኮርታ ጎማ እንዲይዝ በጽሑፍ ይግባ። ለታናሹ ልጅ የመኪና ወንበር ከዚያው አምጡ፤ ተከራይ መኪና ላይ አይገኝም። ነዳጅ በተገኘበት ከተማ ሁሉ ይሞላ።

ወባን በተመለከተ አርባ ምንጭና የጨበራ ቆላ ብቻ ሳይሆኑ ጅማም ወባ አለ፤ አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ደግሞ በሽታውን የለመደ ሰውነት የላቸውም። የመከላከያው መድኃኒት በልጅ ክብደት ስለሚወሰን፣ አንዳንዱም ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ስለሚጀመር ሐኪማችሁን በግንቦት አነጋግሩ። የቢጫ ወባ ክትባትም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት። ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ወራት ልጅ ቢያተኩሰው ኢትዮጵያ መቆየቱን ለሐኪሙ ወዲያው ንገሩት፤ ዴንቨር ያለ ሐኪም በራሱ ወባን ላያስብ ይችላል።

የበረራው ቀን ሲቆረጥ ጻፉልኝ፤ የዴዶንና የጪዳን መንገድ በዚያ ሳምንት ከተመላለሱት ሹፌሮች ጠይቄ አስታውቃችኋለሁ።