የቦይለሩ መብራት ይበራል፣ ውሃው ግን ለብ ከማለት አያልፍም

ጠያቂ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመታጠቢያ ቤታችን ቦይለር 50 ሊትር ይይዛል፤ ጎኑ ላይ 1500 ዋት ይላል። እስካለፈው ወር ድረስ እጅ የሚያቃጥል ውሃ ይሰጠን ነበር። አሁን ሦስት ሰዓት ቆይቶም ለብ ያለ ብቻ ነው። ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ቆይታም ራሷ ትጠፋለች። ጎህ ሲቀድ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ እናቴ ለሱብሂ ውዱእ የምታደርግበትን ውሃ በከሰል ማሞቅ ጀምሬያለሁ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ሳይከፍተው «ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ተቃጥሏል» አለኝ። ልግዛ?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ገና ምንም አትግዢ። ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ ቢሆን ውሃው ለብ እንኳ አይልም ነበር። በአብዛኞቹ ቦይለሮች መብራቷ ራሷ ስትጠፋ ቴርሞስታቱ «በቃ ሞቋል» ብሎ ቆርጧል ማለት ነው። መብራቷ እንደጠፋች ከቦይለሩ ሥር የሚወጣውን፣ ቀይ ምልክት ያለበትን ቱቦ ውሃ እየከፈትሽ በጥንቃቄ ዳሺው። ምን ያህል ይሞቃል?

ነዋሪ፣ ደሴ አራዳ፦ እኔ ደግሞ የምጠረጥረው መብራት ኃይሉን ነው። ማታ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የእኛ ቤት ቮልቴጅ 160 ድረስ ሲወርድ በቴስተር አይቻለሁ። በ220 ቮልት 1500 ዋት የሚሰጥ ሬዚስታንስ በ160 የሚሰጠው 800 ዋት አይሞላም። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ የሚበቃው ሥራ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኛ አሁን ቦይለሩን የምንለኩሰው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን ችግሩ እሱ ቢሆን የእሷ መብራት አትጠፋም ነበር።

ጠያቂ፦ ቱቦው አላስነካ አለኝ፣ ይፋጃል! ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ የሚወጣው ግን ለብ ያለ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ፣ ደሴ፦ እንግዲያው ቦይለሩ ጤነኛ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ አንድ ቦታ ወደ ሙቁ መስመር እየተቀላቀለ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊ። ቀጥሎ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ዝጊና የእጅ መታጠቢያውን የሙቅ ቧንቧ ክፈቺ። ትንሽ ተንጠባጥቦ መቆም አለበት። መፍሰሱን ከቀጠለ ያ ውሃ ከቦይለሩ አልመጣም። ያኔ ሚክሰሮቹን፣ ማለትም ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቀልባቸውን ቧንቧዎች፣ አንድ በአንድ ተመልከቺ። ባለፈው ወር የተቀየረ ነገር አለ?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ወንድሜ ሻወሩ ላይ ጫፉ የሚዘጋ የእጅ መርጫ ገጥሞልናል።

ቧንቧ ሠራተኛ፣ ደሴ፦ ተገኘ! ሰው መርጫውን ጫፉ ላይ ይዘጋና የሚክሰሩን ሁለት መክፈቻዎች እንደተከፈቱ ይተዋቸዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው በሚክሰሩ ውስጥ አልፎ ወደ ሙቁ ይሻገራል። ሁለቱንም መክፈቻ ዝጊና ፈተናውን ድገሚ።

ሌላ አባል፦ የእኔ ቦይለር ደግሞ ሲሞቅ ከሥሩ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ይንጠባጠባል። በቡሽ ልድፈነው አስቤ ነበር።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ ኧረ በአላህ፣ እንዳትነካው! ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 50 ሊትሩ እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.8 ሊትር ይጨምራል። ያ ትርፍ የሚወጣው በዚያ ቫልቭ ነው። ደፍነኸው ቴርሞስታቱ አንድ ቀን አልቆርጥ ቢል በርሜሉ ይፈነዳል። ቀጭን ጎማ ቀጥልና ወደ ፍሳሹ ምራው፣ ጫፉን ግን ክፍት ተወው። ሳይሞቅም ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ከሆነ ግን ቫልቩ ይቀየር።

ጠያቂ፦ የሚክሰሩን መክፈቻዎች ዘግቼ ፈተናውን ብደግመው ውሃው ቀጥ አለ። ከዚያ ቦይለሩን ከፍቼ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ሙቀት አገር ተቀምጠህ የእኛን ብርድ ስላሰብክልን አላህ ይስጥህ። የቧንቧ ሠራተኛውም እንዲሁ። ከሰሉ ወደ ቡናው ተመልሷል። ዛሬ ለሱብሂ እናቴ እጇን አስገብታ ወዲያው አወጣችና «አቃጠልሽኝ እኮ፣ ቀዝቃዛ ጨምሪበት» አለችኝ።