ሶቅራጥስ ከእስር ቤት ማምለጥ ነበረበት? ክርክር

ጠያቂዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ይህ ጥያቄ ሰሞኑን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 አቴና ውስጥ ሞት ተፈረደበት። ዕድሜው 70 ነበር። የከተማዋን አማልክት አይቀበልም፣ አዳዲስ አማልክት ያስገባል፣ ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ ነው የተከሰሰው። ፍርዱ ግን ወዲያው አልተፈጸመም። ለበዓል ወደ ዴሎስ ደሴት የተላከችው መርከብ እስክትመለስ ድረስ ሰው መግደል ክልክል ስለነበር አንድ ወር ያህል ታስሮ ቆየ። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ የረጅም ጊዜ ጓደኛው ክሪቶ ገባ። ጠባቂውን አስቀድሞ ለምዶታል። ሶቅራጥስ ተኝቷል። ክሪቶ አልቀሰቀሰውም፤ ዝም ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ሲነቃ ማምለጫው መዘጋጀቱን ነገረው። ሶቅራጥስ እምቢ አለ። ልክ ነበር? ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ልክ አልነበረም። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። አንዱ ጎረምሳ ነው፣ ሁለቱ ገና ሕፃናት። ክሪቶም ይህንኑ አንሥቶበታል፤ ማሳደግና ማስተማር እየቻልክ ልጆችህን ጥለህ ልትሄድ ነው ብሎታል። ገንዘቡ ነበር። ቴሳሊ በምትባል ሌላ የግሪክ አገር የሚቀበሉት ሰዎች ነበሩ። እኔ ልጄ ሌሊት ሲያስለው ተነሥቼ ትንፋሹን የማዳምጥ ሰው ነኝ። ሰው በራሱ ሊጨክን ይችላል። በልጆቹ ላይ እንዴት ይጨክናል?

ጠበቃ፦
ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን መልሱንም እንስማው። ሶቅራጥስ ለክሪቶ ሲመልስለት ሕጎቹን እንደ ሰው አናገራቸው። ልወጣ ስል የአቴና ሕጎች መጥተው ፊቴ ቢቆሙስ አለ። አባትና እናትህ የተጋቡት በእኛ ነው። ያደግኸው፣ የተማርኸው በእኛ ነው። ካልተስማማንህ ዕቃህን ይዘህ እንዳትሄድ ማንም አልያዘህም። 70 ዓመት ሙሉ ከተማዋ ተስማምታህ ኖረህ፣ ፍርዱ ሲከፋብህ ልታፈርሰን ነው?

ሌላም ነገር አለ። በአቴና ሥርዓት ጥፋተኛ የተባለ ሰው ለራሱ ቅጣት ያቀርባል። ስደት ብሎ ማቅረብ ይችል ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ እንደ ኦሎምፒክ አሸናፊዎች በከተማዋ ወጪ ልመገብ አለ። በኋላ በጓደኞቹ ዋስትና 30 ምና (የያኔው የግሪክ ገንዘብ መለኪያ) ልክፈል አለ። ፀሐይ ላይ ያልጠየቀውን ስደት በጨለማ ሊወስደው አልፈለገም። የእኛ አባቶች «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ይላሉ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሮጦ ማምለጥ የሚችል ሰው ባለበት የሚቆመውም ለዚህ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እዚህ የሄደችው በቅሎ አይደለችም። ነፍስ ናት።

የታሪክ አስተማሪ፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን እንየው። አቴና ከሌላዋ የግሪክ ከተማ ከስፓርታ ጋር 27 ዓመት ተዋግታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ተሸነፈች። ከዚያ «ሠላሳዎቹ» የሚባሉ አምባገነኖች ሥልጣን ያዙ። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው 1,500 ያህል ሰው ገደሉ። ከመሪዎቻቸው ዋናው ክሪቲያስ ነበር። ድሮ ሶቅራጥስ እግር ሥር ይቀመጥ የነበረ ሰው ነው። በጦርነቱ መሐል ወደ ስፓርታ የከዳው አልኪቢያደስም እንዲሁ። በ403 ዴሞክራሲው ሲመለስ ምሕረት ስለታወጀ በድሮ ፖለቲካ መክሰስ አልተቻለም። ከሦስቱ ከሳሾች አንዱ አኒቶስ ደግሞ ለዴሞክራሲው መመለስ የታገለ ሰው ነው።

በእኔ እምነት ክሱ የአማልክት ቢመስልም ቁስሉ ሌላ ነበር። ወንድሙ የተገደለበት፣ ቤቱ የተወረሰበት ሰው ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል። ዳኞቹ 501 ያህል ነበሩ፣ በዕጣ የወጡ ተራ ዜጎች። ክርክሩም ፍርዱም በአንድ ቀን አለቀ። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ እንደጻፈው 30 ድምፅ ወደዚያኛው ወገን ቢዞር ኖሮ ነፃ ይወጣ ነበር። ፍርዱን አልደግፍም። ግን እነዚያን ሰዎች አላዋቂ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

የፍልስፍና ተማሪ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የጠበቃውን ነገር መቀበል ከብዶኛል። ሶቅራጥስ እኮ ሁልጊዜ የሚታዘዝ ሰው አልነበረም። ሠላሳዎቹ እሱንና ሌሎች አራት ሰዎችን ጠርተው የሳላሚሱን ሌዮን ለሞት አምጡ ሲሏቸው አራቱ ሄዱ፣ እሱ ወደ ቤቱ ገባ። ፍርድ ቤት ቆሞም ፍልስፍና እንዲያቆም ቢለቁት እንኳ ከእነሱ ይልቅ ለአምላክ እንደሚታዘዝ ፊት ለፊት ነገራቸው። ታዲያ ያንን ትእዛዝ እምቢ ያለ ሰው ይህን ፍርድ ለምን እሺ ይላል?

ጠበቃ፦
ጥያቄሽ የነገሩ እምብርት ነው። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሌሎችን በድል ሲሉት እምቢ አለ። እሱ ሲበደል ግን አልሸሸም። ክፉ ሥራ አልሠራም ማለትና ቅጣቱን አልቀበልም ማለት ይለያያሉ። ጋንዲ ደቡብ አፍሪካ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1908 የሶቅራጥስን የመከላከያ ንግግር ወደ ጉጃራቲ አሳጥሮ መለሰው። ማርቲን ሉተር ኪንግም እ.ኤ.አ. በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ስሙን ደጋግሞ ጠርቷል። ሁለቱም ሕግ ጥሰው በግልጽ ታስረዋል። ሶቅራጥስ በሌሊት ቴሳሊ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ለእነሱ ምን ይተርፋቸው ነበር?

ነርስ፦
እኔ ስለ ሕግ ብዙ አላውቅም። የሞቱን ታሪክ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሄምሎክ የሚባለውን መርዛማ ተክል ጠጣ። እግሩ እስኪከብደው ተራመደ፣ ከዚያ በጀርባው ተኛ። መርዙን የሰጠው ሰው እግሩን ጠንከር አድርጎ ጨመቀና ይሰማሃል ወይ አለው። አይሰማኝም አለ። ከዚያ ባቱን፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ። አእምሮው አልደበዘዘም፤ ለፈውስ አምላኩ ለአስክሌፒዮስ የዶሮ ስለት እንዳለባቸው ለክሪቶ አስታውሶታል። ይህ ተክል ጡንቻን እያሰነፈ በመጨረሻ መተንፈሻ ላይ ይደርሳል። እየሰነፈ ያለውን እግር ስጨምቅና «ይሰማዎታል?» ስል በሥራዬ ስንት ቀን አልፏል። ስለዚህ ያ እጅ ለእኔ እውነት ነው።

የታሪክ አስተማሪ፦
እህቴ፣ ጥሩ አየሽ። አንድ ነገር ልጨምር። ፕላቶ ያን ቀን እዚያ አልነበረም፤ ታሞ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ሌላው ደቀ መዝሙሩ ዜኖፎን ደግሞ ሶቅራጥስ የእርጅናን ጣጣ ከማየት ሞትን እንደመረጠ ይናገራል። ሶቅራጥስ ራሱ አንድ መስመር አልጻፈም። ወደ እኛም ስሙ የደረሰው ቀድሞ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ በስሙ የሚጠሩ አባባሎች አሉት። እዚያ ያለው መካሪ ጠቢብ ነው። የአቴናው ግን ጠይቆ የማይጠግብ ሰው ነበር።

የሁለት ልጆች አባት፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ተመልሼ የፍርድ ቤቱን ንግግር መጨረሻ አየሁ። ዳኞቹን የለመናቸው ነገር ስለ ልጆቹ ነው። ካደጉ በኋላ ከበጎነት ይልቅ ገንዘብን ሲያስቀድሙ ካያችኋቸው፣ እኔ እናንተን እንዳስቸገርኳችሁ አስቸግሯቸው አለ። ስለዚህ ልጆቹን ረስቷል ያልኩትን እመልሳለሁ። አልረሳቸውም። ግን ያን አደራ የተወው ለፈረዱበት ሰዎች ነው። ትንሹ ልጁ አድጎ አባቱን አንድ ነገር መጠየቅ ቢፈልግ የሚጠይቀው አጥቷል። እዚህ ላይ ከጠበቃው ጋር አሁንም አልተስማማሁም።