የሐሞት ከረጢት ለማስወጣት፦ አራት ቀዳዳ፣ አንድ ቀዳዳ ወይስ ሮቦት?

ሰላማዊት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የሐሞት ጠጠር አለባት። ቅባት ያለው ነገር በበላች ቁጥር ከቀኝ ጎኗ ተነስቶ ጀርባዋ ድረስ ይወጋታል። አልትራሳውንድ ታይቶ ከረጢቱ ይውጣ ተባለ። ሳይከፈት የሚሠራበት ሦስት መንገድ እንዳለ ተነግሮናል። በአራት ትንንሽ ቀዳዳ፣ በእምብርት በኩል በአንድ ቀዳዳ ወይም በሮቦት። እሷ አንዱን ቀዳዳ መርጣለች። እኔ ደግሞ ሮቦቱ ዘመናዊ ስለሆነ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ሮቤል (የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ)፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ውስጥ የሚሠራው ሥራ በሦስቱም አንድ ነው። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ ካሜራ ይገባል። ከዚያ የከረጢቱ ቱቦና ደም ሥሩ በክሊፕ ተይዘው ይቆረጣሉ። ከረጢቱም ከጉበት ተላቆ ይወጣል። የሚለየው መሣሪያው የሚገባበት መንገድ ነው።

በአራቱ ቀዳዳ መሣሪያዎቹ ከተለያየ አቅጣጫ ስለሚመጡ አንዱ ከረጢቱን ወደ ላይ ይይዛል፣ ሌላው ይወጥራል፣ ሌላው ይለያል። በአንዱ ቀዳዳ ግን ሁሉም በአንድ በር ስለሚገቡ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ሥራውም ይረዝማል። እምብርት ላይ የሚቀደደው ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ሄርኒያ (የሆድ ዕቃ በላላው ቦታ በኩል ወደ ውጭ ተገፍቶ ማበጥ) የመውጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ዋናው ጥቅሙ ጠባሳው መደበቁ ነው።

ሀና፦
እኔ በአንድ ቀዳዳ ነው ያሠራሁት፣ ደስተኛ ነኝ። ጠባሳዬ ጨርሶ አይታይም። ግን ከረጢቴ አላበጠም ነበር፣ ሐኪሜም ሥራውን የለመደው ሰው ነው። ያበጠ ከረጢት ካላት አልመክርም።

ትዕግስት፦
የኔ አራት ቀዳዳ ነበር። ያስደነገጠኝ ቁስሉ ሳይሆን የትከሻ ሕመሙ ነው። ጋዙ ዲያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ስለሚያስቆጣ ነው አሉኝ። ትንሽ ትንሽ እየተራመድኩ ለቀቀኝ። እናትሽ ቀድማ ትወቀው፣ እንዳትሰጋ።

ዮናስ (የቀዶ ሕክምና ሐኪም)፦
ስለ ሮቦቱ ልጨምር። ሮቦቱ በራሱ አይቆርጥም፤ የሚያዘው ሐኪሙ ነው። መሣሪያው እንደ እጅ አንጓ ይታጠፋል፣ እይታውም ጥልቀት አለው። ሆኖም ለተለመደ የሐሞት ከረጢት ከላፓራስኮፒ (ሐኪሙ በካሜራ እያየ፣ መሣሪያውን በራሱ እጅ ይዞ በትንንሽ ቀዳዳ ከሚሠራው) የተሻለ ውጤት እንዳለው አልታየም። እንዲያውም በ2023 በአሜሪካ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ታካሚዎች ላይ የወጣ ጥናት የሐሞት ቱቦ ጉዳት በሮቦት 0.7 በመቶ፣ በላፓራስኮፒ 0.2 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። ነገ ሊሻሻል ይችላል። የሐሞት ከረጢትን በላፓራስኮፒ ማውጣትንም ሐኪሙ ኤሪክ ሙህ በ1985 ጀርመን ውስጥ ሲጀምረው ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የቀዳዳው ቁጥር አይደለም። ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚወስደው ዋናው የሐሞት ቱቦ በስህተት ከተቆረጠ ሰው ለዓመታት ይሰቃያል። ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች (የከረጢቱ ቱቦና ደም ሥሩ) ብቻ መሆናቸውን አጥርተን ማየት አለብን። ይህ በየትኛው መንገድ በደንብ ይታየኛል ብሎ ነው ሐኪም መምረጥ ያለበት።

ሰላማዊት፦
አመሰግናለሁ ዶክተር። ታዲያ ሐኪሟን ምን ብዬ ልጠይቀው?

ዮናስ፦
በብዛት የሚሠራው በየትኛው መንገድ እንደሆነ ጠይቂው። እብጠት ቢያጋጥመው፣ ቱቦው አልለይ ቢለው ምን እንደሚያደርግም ጠይቂ። ቀዳዳ እጨምራለሁ፣ ካስፈለገም እከፍታለሁ የሚል ሐኪም ጥሩ ነው። መክፈት ሽንፈት አይደለም። እናትሽ ቀደም ሲል ሆዷን ተሠርታ ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም የምትወስድ ከሆነ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

ሮቤል፦
ቤት ከገባች በኋላ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ይዘሻት ሂጂ።