የባለቤቴን ኩዌከር ቅድመ አያቶች ከየት ጀምሬ ልፈልግ?

ጠያቂ (ፊላደልፊያ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባለቤቴ ዘመዶች በእናቱ በኩል ድሮ ቼስተር ካውንቲ፣ ፔንሲልቬንያ የኖሩ ኩዌከሮች (ፍሬንድስ የሚባሉት የክርስትና እምነት ተከታዮች) ናቸው። አማቴ እየደከሙ ስለሆነ የዘር ሐረጋቸውን በዓይናቸው እንዲያዩት በጣም እፈልጋለሁ። የቀብር ቦታው ሄድን፣ የድሮዎቹ ጋ ሣር ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ «በ3ኛው ወር 12ኛ ቀን 1738 ተቀበረ» ይላል። ማርች ማለት ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መልስ ፩፦ እህቴ፣ ሜይ ነው። ኩዌከሮች የወራቱ ስም ከጣዖት የመጣ ነው ብለው በቁጥር ነው የሚጽፉት፣ እስከ 1752 ድረስ ደግሞ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር አንደኛው ወር ማርች ነው። በመስከረም ዓመት ለምንቀይር ለእኛ ይሄ አይከብድም። ግን 11ኛና 12ኛ ወር ላይ ተጠንቀቂ፦ 11ኛው ወር 1738 ማለት በዛሬው አቆጣጠር ጃንዋሪ 1739 ነው። ስለ ድንጋዩ አትጨነቂ። የመቃብር ድንጋይ ለእነሱ ከንቱ ውዳሴ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ራሱ የተፈቀደው በ1850 ነው።

መልስ ፪፦ ታድለሻል፣ መዝገቡ ደጅሽ ነው። ስዋርትሞር ኮሌጅና ሃቨርፎርድ ኮሌጅ ሂጂ፣ የኩዌከር መዛግብት ክፍል አላቸው። መጀመሪያ ግን ቤተሰቡ የየትኛው ወርሃዊ ጉባኤ (በየወሩ ለሥራ የሚሰበሰበው የአካባቢው ማኅበር) አባል እንደነበር እወቂ፣ ሁሉም ነገር የተመዘገበው በጉባኤው ስም ነው። ቀብር ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ፣ ብዙ ሞት ሳይመዘገብ ቀርቷል። እኔ የምወደው የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ነው። ቄስ የለም፣ ሙሽሮቹ ራሳቸው ቃል ይገባሉ፣ ከዚያ የተገኘው ሰው ሁሉ ይፈርማል። ዘመዶች ብዙ ጊዜ ከሙሽሮቹ ስም ሥር ስለሚፈርሙ አጎትና አክስት እዚያው ተደርድረው ታገኛለሽ። ቤተሰቡ አገር ሲቀይር ደግሞ ጉባኤው መሸኛ ይጽፍለት ነበር፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ከእሱ ይታወቃል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንዷ ሴት አያት ግን በ1760ዎቹ ድንገት ከመዝገቡ ጠፋች። ሞታ ይሆን?

መልስ ፫፦ ለመሞቷ ማስረጃ እስክታገኚ እንዲያ ብለሽ አትዝጊው። ኩዌከር ያልሆነ ሰው ያገባ፣ ወይም በቄስ ፊት የተጋባ ከአባልነት ይሰረዝ ነበር። የሴቶቹ ጉባኤ የራሱ ቃለ ጉባኤ ስላለው እሱን ጠይቂ፣ የወንዶቹን ብቻ አይተሽ እንዳትመለሺ። ስረዛው ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የድሮ የቤተሰብ ስሟም አዲሱም አብሮ ይሰፍራል፣ ስለዚህ የባሏን ስም እዚያው ልታገኚ ትችያለሽ።

መልስ ፪፦ አንድ ልጨምር። በ1827 የፊላደልፊያ ኩዌከሮች ሂክሳይትና ኦርቶዶክስ ተብለው ለሁለት ተከፈሉ (ከእኛ ኦርቶዶክስ ጋር አይገናኝም)። ከዚያ ወዲህ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጉባኤዎች ልታገኚ ስለምትችይ የሁለቱንም መዝገብ እይ።

መልስ ፬ (ለንደን)፦ ሐረጉ ባሕር ከተሻገረ፣ የእንግሊዞቹ የልደት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ በ1840 ሕግ ለመንግሥት ተሰጥቶ አሁን ለንደን ኪው ሰፈር፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያለው፣ መለያው አርጂ 6 (RG 6)። ከመሰጠቱ በፊት በፊደል ተራ የተዘጋጀው ማጠቃለያ ለንደን ያለው የኩዌከሮች ቤተ መጻሕፍት፣ ፍሬንድስ ሃውስ፣ አለ። ከእሱ ብትጀምሪ ይቀልሻል።