ጡረታና እቁብ ሀብት ተብለው ይደመራሉ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ነው። ከባለቤቴ ጋር ያለንን ሁሉ ኤክሴል ላይ መመዝገብ ጀምረን መሃል ላይ ተጣበቅን። የባንኩ ቀላል ነው፤ የቤት ብድሩም ይቀነሳል።

ያስቸገረን ጡረታው ነው። ሁለታችንም የግል ድርጅት ሠራተኞች ነን። ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪ 11 ይጨምራል። ግን 60 ዓመት ሲሞላን በየወሩ የሚከፈል እንጂ ዛሬ የምናወጣው ብር አይደለም። ልደምረው ወይስ ልተወው? እቁቡስ? ገና አልደረሰንም። (ባለቤቴ «እጅህ ያልገባ ብር አይቆጠርም» ባይ ናት።)

ለዛንዚባር ጉዞ የምንቆጥበውንስ ለብቻ እንያዘው? ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ሲተመን የዛንዚባሩ ሒሳብ እየሸሸን ነው፤ ላሊበላ ይሻላል። እንዲህ የምትመዘግቡ ካላችሁ እባካችሁ አሳዩኝ።