ማይነስ 11 ነኝ፤ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ያሠራ አለ?

ሰላም ናችሁ? ከኮምቦልቻ ነኝ፣ 28 ዓመቴ ነው። ቀኜ ማይነስ 11፣ ግራዬ 12 ተኩል። ልጅ ሆኜ «አራት ዓይና» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለሊቅ የሚሰጥ ስም መሆኑን ያወቅሁት አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ያለ መነጽር አንድ ስንዝር እንኳ አልፌ አላይም። ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ ላይ ዝናቡን ሸሽቼ ሚኒባስ ውስጥ ዘው አልኩ። መነጽሬ ጉም ለበሰ። አውልቄ ስጠርግ አንዱ በክርኑ መታኝና ወደቀ። ሃረጎን እስክንወርድ በዳበሳ ስፈልግ ነበር። ያገኙልኝ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ መነጽር ነው ወይስ ብርጭቆ?» አሉኝ።

ሌዘር ልሠራ አዲስ አበባ ሄጄ ኮርኒያህ (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ስስ ነው ተባልኩ። ሐኪሙ «ሌንስ ማስገባት ይቻላል» አለኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ። የራሴ ሌንስ ይወጣል ማለት ነው? እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ 1
አብሽር ወንድሜ። ኦፕቶሜትሪስት (የእይታ መርማሪ) ነኝ። የራስህ ሌንስ አይነካም፤ የሚወጣው የዓይን ሞራ ሲሠራ ነው። ይሄኛው አይሲኤል ይባላል። ስስና ተጣጣፊ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ ተጠቅልሎ ይገባና ከአይሪስ (ከዓይን ባለቀለሙ ክብ) ኋላ፣ ከራስህ ሌንስ ፊት ይዘረጋል። ኮርኒያህ ስለማይቀነስ ስስነቱ እንደ ሌዘሩ አያግድህም። ካስፈለገም ይወጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የፈቀደችው። እ.ኤ.አ. በ2022 የፈቀደችው ደግሞ መሃሉ ላይ የዓይን ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። ድሮ አይሪስን አስቀድሞ በሌዘር መብሳት ግድ ነበር።

ዋናው ጥያቄ ቦታ አለህ ወይ ነው። በአሜሪካኖቹ መስፈርት ከኮርኒያህ እስከ ሌንስህ ያለው ክፍተት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የኮርኒያ ሕዋስም ይቆጠራል። ከጠበበ የዓይን ግፊት ይመጣል፣ ሞራም ሊያስከትል ይችላል።

መልስ 2
እኔ ውጭ አገር አሠርቻለሁ። ማይነስ 14 ነበርኩ። ማደንዘዣው ጠብታ ነው። ሕመም የለውም፣ ብርሃኑ ግን ያስጨንቃል። በማግስቱ ከአልጋዬ ሳልነሳ የግድግዳ ሰዓት አነበብኩ! ማታ በመኪና መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታየኛል፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ማታ የምትነዳ ከሆነ አስብበት።

መልስ 3
ልጆች፣ ሬቲናውን (በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን) አትርሱ። ሌንሱ እይታውን እንጂ የዓይኑን ርዝመት አይለውጥም። የረዘመ ዓይን ሬቲናው ይሳሳል። የኔ ወንድም «መነጽር ጣልኩ» ብሎ ምርመራውንም ጣለው። ብልጭታ፣ የሚንሳፈፍ ነገር፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየህ በዚያው ቀን ሩጥ። እሱ ሳምንት ቆየ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የአዲስ አበባውን ወረቀት አሁን አወጣሁት። ክፍተት 2.7 ይላል።

መልስ 1
አንድ ልኬት አይበቃም፣ በሌላ ማሽን ይደገም። ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ስንት ቀን እንደምታቆም ጠይቅ። ያው 2.7 ከመጣ ግን ማንም ቢያግባባህ እሺ አትበል።